አንዲት ሴት በ8,600 ሴቶች ስም መናገር ትችላለች?

በቴክ ሥራ ላይ ስላሉ ሴቶች ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይጠራ ይመጣል። «ለመሆኑ አንቺን ማን ወከለሽ?» ጥያቄው ብዙ ጊዜ በንዴት ይጠየቃል። መልሱም በንዴት ይመለሳል። ከዚያ ሁሉም እንደተኳረፈ ይለያያል።

አንድ ጊዜ ግን ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ጠበቆች ተከራክረውበታል። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ደምረው ቀንሰውበታል። በመጨረሻም ዳኛ ፈርሞበታል። ቦታው ሲያትል፣ ተከሳሹ ማይክሮሶፍት ነው።

ጉዳዩን ደጋግሜ ያነበብኩት የሕግ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ፣ በክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ሆኜ ሳለ፣ «እስቲ የሴቶችን አመለካከት አንቺ ንገሪን» ተባልኩ። የተጠየቅኩት ስለ አንድ መተግበሪያ ቀለም ነበር። በልቤ የነበረው «እኔ አረንጓዴውን እወደዋለሁ» የሚል ነው። ከአፌ የወጣው ግን «ሴቶች አረንጓዴውን ይመርጣሉ» የሚል ሆነ። ማንም አልተቃወመኝም። ተጽፎ ተያዘ። በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ሴት ሳላስፈቅድ እንደወከልኩ የገባኝ ከዋልኩ ካደርኩ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሳሿ

ኬቲ ሙሱሪስ የኮምፒውተር ደህንነት ባለሙያ ናት። ማይክሮሶፍት የገባችው በ2007 ሲሆን የለቀቀችው በ2014 ነው። በሙያው ዓለም ስሟን ያስጠራው አንድ ትልቅ ሥራ አለ። በሶፍትዌር ውስጥ ክፍተት ፈልገው ለሚያሳውቁ የውጭ ሰዎች ማይክሮሶፍት ገንዘብ እንዲከፍል ያሳመነችው እሷ ናት። ለዓመታት አልከፍልም ሲል የቆየው ኩባንያ በጁን 2013 ፕሮግራሙን ከፈተ። ለአንድ ከባድ ግኝት እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ይከፍል ጀመር። ይህን ያህል ግዙፍ ድርጅት ሐሳቡን እንዲቀይር ማድረግ ቀላል አይደለም። ማስረዳት፣ መለማመጥ፣ ቁጥር ይዞ ደጅ መጥናት ይጠይቃል።

በሴፕቴምበር 2015 ማይክሮሶፍትን ከሰሰች። ክሱ እንደሚለው ሴቶችን ያስቸግር በነበረ አንድ አለቃ ላይ አቤቱታ ካቀረበች በኋላ ጉርሻዋ ተቀንሷል። የደረጃ እድገት ሲመጣም ከእሷ ያነሰ ብቃት ያላቸው ወንዶች አልፈዋት ሄደዋል። ማይክሮሶፍት በበኩሉ አድልዎ አልፈጸምኩም ብሎ ተከራክሯል።

እስከዚህ ድረስ የአንድ ሰው በደል ነው። ሙሱሪስ ግን በራሷ ስም ብቻ አልቆመችም። ከ2012 ጀምሮ በአሜሪካ ውስጥ በማይክሮሶፍት የቴክኒክ ሥራ ላይ የነበሩ ሴቶችን በሙሉ ልወክል አለች። በደረጃ ቁጥር ከ59 እስከ 67 ያሉትን ማለት ነው። ሲቆጠሩ ከ8,600 በላይ ሆኑ። አብዛኞቹን በዓይኗ እንኳ አይታቸው አታውቅም።

ክሱ የመጣበት ጊዜ

ክሱ ዱብ ያለ ነገር አልነበረም። ከዓመት ገደማ በፊት፣ በኦክቶበር 2014፣ በአሪዞና ፊኒክስ የሴት ኮምፒውተር ባለሙያዎች ትልቁ ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። አኒታ ቦርግ እና ቴሌ ዊትኒ በ1994 የመሠረቱት፣ በኮምፒውተር ሳይንቲስቷ በግሬስ ሆፐር ስም የሚጠራው ጉባኤ ነው። መድረኩ ላይ የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሳትያ ናዴላ ተቀምጧል። ሥልጣኑን ከያዘ ገና ስምንት ወሩ ነው። ጠያቂዋ ማሪያ ክላዌ ናት፤ በወቅቱ የሃርቪ መድ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት እና የራሱ የማይክሮሶፍት የቦርድ አባል ነበረች።

ክላዌ የደሞዝ ጭማሪ ለመጠየቅ ለሚቸገሩ ሴቶች ምን ትመክራለህ አለችው። ናዴላ መጠየቁ ሳይሆን ሥርዓቱ ተገቢውን ጭማሪ እንደሚሰጥ ማመኑ ነው ዋናው አለ። ዝም ማለት መልካም ዕድል ይዞ ይመጣል የሚል መንፈስ ያለው መልስ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ፊት።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ክላዌ እዚያው አልስማማም አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። ልብ በሉ፤ «ሴቶች ይህን አይቀበሉም» አላለችም። የራሷን አወራች። ፕሪንስተን የምህንድስና ዲን አድርጎ ሲቀጥራት ስለ ደሞዝ አልተደራደረችም። በዚህም ሳታገኝ የቀረችው ወደ 50,000 ዶላር እንደሚሆን ተናገረች። ከዚያ ምክሯን ሰጠች። ለሥራው ምን እንደሚከፈል አስቀድማችሁ አጥኑ፣ ከምታምኑት ሰው ጋር ተቀምጣችሁ አጠያየቁን ተለማመዱ አለች። ናዴላም በዚያው ቀን ለሠራተኞቹ በጻፈው ኢሜይል መልሱ ፍጹም ስህተት እንደነበረ አመነ።

ክላዌ በዚያ ሰዓት ማንንም አልወከለችም። የራሷን ታሪክ ከነቁጥሩ አስቀመጠች፤ የፈለገ ወሰደው፣ ያልፈለገ ተወው። የማንም ውክልና የማይጠይቅ አነጋገር ይሄ ነው። ግን ችግር አለው። አንድ የግል ታሪክ የኩባንያን የደሞዝ ሥርዓት አያስቀይርም። ኩባንያው «አዝናለሁ፣ ያንቺ ጉዳይ የተለየ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሙሱሪስ ወደ ፍርድ ቤት የሄደችው ይህን ዓይነት መልስ ለማስቀረት ነው።

ሕጉ ተወካይን የሚፈትንበት መንገድ

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው የሺዎችን ክስ ይዞ እንዲቆም የሚፈቅድ ደንብ አለ። የፌደራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 23 ይባላል። የሕግ ቋንቋውን ገፍፌ ሳነበው፣ በየመድረኩ ልንጠይቀው የሚገባንን ነገር የያዘ ሆኖ አገኘሁት።

ደንቡ ለተወካይነት የሚነሳውን ሰው ይፈትነዋል። ሰዎቹ አንድ በአንድ መክሰስ እስኪያቅታቸው ድረስ ብዙ ናቸው? ሁሉንም የሚነካ፣ አንዴ ሲመለስ ለሁሉም የሚመለስ የጋራ ጥያቄ አለ? ያንቺ ጉዳይ የእነሱን ይመስላል? የእነሱን ጥቅም በእውነት ትጠብቂያለሽ ወይስ ጥቅማችሁ ይጋጫል? አራቱንም ያላለፈ ሰው በራሱ ስም ይናገር እንጂ የሌላውን አፍ አይያዝም።

የመጀመሪያውን ማለፍ አይከብድም። 8,600 ሴት ብዙ ነው። ጭንቁ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው።

የከሳሾቹ ጠበቆች ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ያቀረቡት የኢኮኖሚ ባለሙያ የሴቶቹ የደሞዝ ኪሳራ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ገመተ። ሳያገኟቸው የቀሩት የደረጃ እድገቶችም ከ500 በላይ ናቸው አለ። በ2018 ይፋ በሆኑት የፍርድ ቤት ሰነዶች ላይ ደግሞ ሌላ ቁጥር ወጣ። ከ2010 እስከ 2016 በኩባንያው የቴክኒክ ሥራ ላይ የነበሩ ሴቶች ስለ አድልዎና ጾታዊ ትንኮሳ 238 አቤቱታዎችን ለራሱ ለማይክሮሶፍት አቅርበዋል። ከእነዚህ ውስጥ 118ቱ የጾታ አድልዎ አቤቱታዎች ነበሩ። ኩባንያው መርምሮ እውነት ነው ብሎ የተቀበለው አንዱን ብቻ ነው።

ከ118 አንድ። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ስክሪኑን ዘግቼ ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ። ከቀሩት 117 አቤቱታዎች ከእያንዳንዱ ጀርባ ሴት አለች። እያንዳንዷ ታሪኳን ተናግራለች። እያንዳንዷ «አጣርተናል፣ አላገኘንም» ተብላ ወጥታለች። ሁሉም አቤቱታ እውነት ነበር ማለቴ አይደለም፤ አላውቅምና አልልም። ግን አንዷ ስለ ሌላዋ ሳታውቅ ወጥታ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ አንድ ላይ የተደመረው አንዲት ሴት «እኔ ልወክል» ብላ ስለተነሳች ብቻ ነው። ውክልናዋ ሳይፈቀድ በፊት እንኳ ይህን ያህል ሠርታለች።

ውሳኔው

ዳኛው ጄምስ ሮባርት ይባላል። በጁን 2018 የቡድን ክሱን አልፈቀደም። በዲሴምበር 2019 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸናው።

ምክንያቱን በቀላሉ ላስቀምጠው። ማይክሮሶፍት የአንድን ሠራተኛ ደሞዝና እድገት የሚወስነው በአንድ ማእከላዊ እጅ አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ማናጀሮች አሉ። እያንዳንዱ ማናጀር ስለ ሠራተኞቹ ያስባል፣ ከሌሎች ማናጀሮች ጋር ተሰብስቦ ይነጋገራል፣ ከዚያ ይወሰናል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እንዳለው 8,600ዎቹ ሴቶች ከ8,000 በላይ በሆኑ የተለያዩ የሥራ መደቦች ላይ፣ በአሜሪካ ልዩ ልዩ ቦታዎች ተበትነው ነው የሚሠሩት። ማናጀሮቹ ሁሉ ሥልጣናቸውን በአንድ ዓይነት መንገድ እንደተጠቀሙበት አልተረጋገጠም። ስለዚህ «ለምን ዝቅ ያለ ደሞዝ ተከፈለኝ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ የጋራ መልስ የለም። የእያንዳንዷ መልስ ከእያንዳንዷ አለቃ ጋር ይለያያል።

ይህ አስተሳሰብ ከሰማይ አልወረደም። መሠረቱ በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዋልማርት ጉዳይ ላይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ቤቲ ዱክስ በካሊፎርኒያ የአንድ ዋልማርት መደብር ሠራተኛ ነበረች። በ2001 የተጀመረው ክሷ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሴቶችን ሊወክል የተነሳ ነበር። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ በጻፉት የአብላጫ ድምፅ ውሳኔ፣ በየመደብሩ የተሰጡትን ስፍር ቁጥር የሌላቸው ውሳኔዎች አንድ ላይ የሚያጣብቅ ሙጫ አልታየም አሉ። በዚህ ነጥብ ላይ ድምፁ 5 ለ 4 ነበር።

የተቃውሞውን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ናቸው። በመደብሮቹ የሰዓት ተከፋይ ከሆኑት 70 በመቶ ሴቶች ሲሆኑ በአመራር ላይ ግን 33 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አስታወሱ። ግርጌ ላይ ደግሞ አንድ ምሳሌ አስቀመጡ፤ እኔ በጣም የምወደው። የሙዚቃ ኦርኬስትራዎች ተወዳዳሪን ፊት ለፊት እያዩ ሲመርጡ፣ ከመጋረጃ ጀርባ እያስጫወቱ ከሚመርጡት ይልቅ በጣም ጥቂት ሴቶችን ነው የሚቀጥሩት። መራጮቹ አልተመካከሩም። ሴት አትቅጠሩ የሚል መመሪያም አልነበረም። እያንዳንዱ ጆሮውን ያመነ መስሎት በዓይኑ ፈረደ። ለጊንስበርግ ሙጫው ይህ ነው። ብዙ ሰው ሳይነጋገር በአንድ ዓይነት መንገድ ሊያዳላ ይችላል።

ሁለቱን አስተያየቶች ጎን ለጎን ሳነብ ልቤ ከጊንስበርግ ጋር ነው። ሆኖም የሮባርትን ውሳኔ ስህተት ነው ብዬ ወርውሬ መሄድ አልችልም። ምክንያቱም አንድ እውነት ይዟል። ደረጃ 59 ላይ ያለች ጀማሪ እና ደረጃ 67 ላይ ያለች አንጋፋ በአንድ ክስ ውስጥ ናቸው። በዚህ ርቀት ውስጥ ሰው የምትገመግም ሴት እና የምትገመገም ሴት አብረው ይገኛሉ። የአንዷ ቅሬታ በሌላዋ ውሳኔ ላይ ቢሆንስ? ሙሱሪስ የትኛዋን ይዛ ትቆማለች?

«ማንም ሊወክለኝ አይችልም» ማን ይጠቀምበታል?

ለብዙ ዓመት አቋሜ አንድ ነበር። ሴቶች አንድ ሕዝብ አይደለንም፤ ስለዚህ ማንም ስለ ሁላችን አይናገር። ዛሬም ግማሹን አምንበታለሁ። ይህን ጉዳይ ካነበብኩ በኋላ ግን ሌላኛው ግማሽ ተነቃነቀ።

እስቲ የውሳኔውን ውጤት እናስበው። የቡድን ክሱ ሲቀር 8,600 ሴቶች ምን ይዘው ቀሩ? እያንዳንዷ ከፈለገች የራሷን ጠበቃ ይዛ፣ የራሷን ማስረጃ ሰብስባ፣ ገና የምትሠራበትን ኩባንያ ለብቻዋ ልትከስ ትችላለች። ወረቀት ላይ መብቷ ሙሉ ነው። ግን ማን ያደርገዋል? ልጅ የምታሳድግ፣ የቤት ብድር ያለባት፣ ነገ ማጣቀሻ ደብዳቤ የምትፈልግ ሴት ታደርገዋለች? የአንዷ የደሞዝ ልዩነት ለብቻው ሲታይ የጠበቃ ወጪ እንኳ ላይሸፍን ይችላል።

«እያንዳንዷ ሴት የተለየች ናት» የሚለው አባባል እኔ ስለው ለክብሬ ነው። ኩባንያው ሲለው ደግሞ እያንዳንዷን ለብቻዋ ያስቀራታል። ቃሉ አንድ ነው፣ ሥራው ግን እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። «ወኪላችን አይደለሽም» እያልን እርስ በርስ ስንከላከል፣ ማንም እንዳይወክለን የሚፈልገው ወገን ቁጭ ብሎ ያየናል። ውሳኔው ምን ያህል በብዙ እጅ ከተበተነ ያን ያህል ተጠያቂ ይጠፋል፤ የተበደሉትም በዚያው ልክ ይበተናሉ።

ታዲያ መውጫው የት ነው? እኔ ያየሁት በሌላ ክስ ነው።

ጥያቄውን ማጥበብ

በሴፕቴምበር 2017 ሦስት የቀድሞ የጉግል ሠራተኞች በሳን ፍራንሲስኮ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። እነሱም የሴቶችን ሁሉ ክስ ይዘው ነበር የመጡት። በዲሴምበር ዳኛዋ መለሰችባቸው፤ ቡድናችሁ ከመጠን በላይ ሰፊ ነው፣ የተበደለችውን ካልተበደለችው አልለያችሁም አለች። አስተካክላችሁ ተመለሱ አለቻቸው።

አስተካክለው በጃንዋሪ 2018 ተመለሱ። አሁን «ሴት መሆን» ብቻውን ማያያዣቸው አልሆነም። ትኩረታቸውን አንድ አሠራር ላይ አደረጉ። ሰው ሲቀጠር በየትኛው ደረጃ ነው የሚመደበው? ክሱ እንደሚለው ጉግል አዲስ ሠራተኛን ቀድሞ ምን ይከፈልሽ ነበር ብሎ ይጠይቅ ነበር። መልሱም ለደረጃና ለደሞዝ መነሻ ይሆን ነበር። ሌላ ቦታ ዝቅ ተደርጋ ትከፈል የነበረች ሴት ያንኑ ዝቅታ ተሸክማ ትገባ ነበር።

ከከሳሾቹ አንዷ የአራት ዓመት ልምድ ይዛ በ2010 የገባች የሶፍትዌር መሐንዲስ ናት። ለአዲስ ተመራቂዎች በሚሰጠው ደረጃ 3 ላይ መደቧት። ከሳምንታት በኋላ ልክ እንደሷ የአራት ዓመት ልምድ ያለው ወንድ በዚያው ቡድን ደረጃ 4 ሆኖ ገባ። እንደ ክሱ።

አዲስ የተጨመረችው አራተኛዋ ከሳሽ ግን መሐንዲስ አይደለችም። የጉግል ሠራተኞች ልጆቻቸውን በሚያውሉበት መዋለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ማስተርስ ዲግሪ አላት፣ የአምስት ዓመት ልምድ አላት። በደረጃ 1፣ በሰዓት 18.51 ዶላር ተቀጠረች። ማስተርስ የሌለው፣ የሦስት ዓመት ልምድ ያለው ወንድ አስተማሪ ግን በደረጃ 2፣ በሰዓት 21 ዶላር መቀጠሩን ክሱ ያትታል።

እዚህች ሴት ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። «በቴክ ውስጥ ያሉ ሴቶች» ሲባል ማን ነው በዓይናችሁ የምትመጣው? የእኔዋ ላፕቶፕ ይዛ፣ መታወቂያ አንጠልጥላ የምትሮጥ መሐንዲስ ናት። የሕፃናት አስተማሪዋ ትዝ ብላኝ አታውቅም። በየመድረኩ ስለ ሴቶች ስናገር እሷን ትቼ ነው የተናገርኩት፤ መተዌንም አላወቅኩም። ጥያቄው «ሲቀጥሩሽ በምን ደረጃ መደቡሽ?» ሲሆን ግን መሐንዲሷና አስተማሪዋ ጎን ለጎን ቆሙ። ሥራቸው አይገናኝም። ደሞዛቸው በፍጹም አይገናኝም። የደረሰባቸው ነገር ግን አንድ ነው።

ፍርድ ቤቱ በሜይ 2021 የቡድን ክሱን ፈቀደ። በጁን 2022 ጉግል ጥፋት ሳያምን 118 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስምምነቱ 15,500 ያህል ሴቶችን፣ 236 የሥራ መደቦችን ያቅፋል። የሠራተኛ አመዳደብና የደሞዝ አሠራሩን የውጭ ባለሙያዎች እንዲመረምሩትም ተስማምተዋል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ አሠሪ የቀድሞ ደሞዝን እንዳይጠይቅ በሕግ ከልክላለች።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሁለቱ ክሶች አንድ ዓይነት መሬት ላይ አልቆሙም። የካሊፎርኒያ የእኩል ክፍያ ሕግ ከሳሽ የአሠሪውን ሐሳብና ዓላማ እንዲያረጋግጥ አያስገድድም፤ ከፌደራሉ ሕግ ይልቅ መንገዱ ይቀላል። ሙሱሪስ የተሸነፈችው ጥያቄዋ ሰፊ ስለነበረ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ግን ጉግልን የከሰሱት ሴቶችም መጀመሪያ በስፋቱ ምክንያት ተመልሰው ነበር። በሩ የተከፈተላቸው ካጠበቡት በኋላ ነው።

ደብዳቤው

የቡድን ክስ በስምምነት ሲያልቅ ገንዘቡ በዝምታ አይከፋፈልም። ለእያንዳንዷ ማስታወቂያ ይላካል። በስምሽ ይህ ክስ ቀርቧል፣ እነ እገሌ ወክለውሻል፣ በዚህ ተስማምተዋል ይላል። ካልተስማማሽ ተቃውሞሽን እስከዚህ ቀን ጻፊ ይላል። ከነጭራሹ መወከል ካልፈለግሽም ውጪ፣ መብትሽ እንደተጠበቀ ነው ይላል።

እኔ ቀለም ስመርጥ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለማንም አልላክሁም። ለእኔም ማንም ልኮልኝ አያውቅም። ባልሰማሁት ስብሰባ፣ በማላውቀው መድረክ፣ ስንት ጊዜ «ሴቶች ይህን ይፈልጋሉ» ተብሎ በስሜ ተፈርሟል? ተናጋሪዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አብዛኞቹ እንደ እኔ ብቻቸውን የተቀመጡ፣ ተጠይቀው ዝም ማለት የከበዳቸው ናቸው።

ሙሱሪስ ከዚያ በኋላ ዝም አላለችም። ሉታ ሴኩሪቲ የሚባል የራሷን ድርጅት በ2016 አቋቁማለች። በ2021 ደግሞ በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ስለ ጾታና የኢኮኖሚ እኩልነት የሚሠራ ማእከል እንዲከፈት 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠች። ማእከሉ በእናቷ ስም ተሰየመ።

እኔ ደግሞ በቅርቡ አንድ ዝግጅት ላይ እንድናገር ተጋበዝኩ። የሰጡኝ ርዕስ «ሴቶች በቴክ ውስጥ ምን ይፈልጋሉ?» የሚል ነበር። ርዕሱ ይቀየርልኝ አልኩ። «ስትቀጠሪ በየትኛው ደረጃ ተመደብሽ? ማን ወሰነ? መነሻው ምን ነበር?» በሚለው ተቀየረ። ከዝግጅቱ በፊት ስም የሌለው መጠይቅ እንዲበተን ጠየቅኩ። ለመሐንዲሶቹ ብቻ ሳይሆን በዚያ ሕንጻ ውስጥ ለምትሠራ ሴት ሁሉ፤ ለእንግዳ ተቀባዮቹም፣ ለጽዳት ሠራተኞቹም። ከታች አንዲት ትንሽ ሳጥን አስጨመርኩ። «መልሴ ከሌሎች ጋር ተደምሮ እንዲነገር አልፈልግም» ትላለች።

ወረቀቶቹ መመለስ ጀምረዋል። ሁለቱ ላይ ሳጥኗ ምልክት ተደርጎባታል። እነሱን ለብቻ ፖስታ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ፤ አልቆጥራቸውም።